ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፦ የኢቬሊስ ዛፍ

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኢቬሊስ ኮቶ የጆሮ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ላይ በሚያወራበት አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣ፣ በቀን ሰማንያ ጊዜ የምትለውን ያንኑ ሰላምታ አለች። ከኦርላንዶ ወጣ ብሎ ያለው ትልቁ የመዝናኛ ፓርክ እንግዶቹን አስቀድሞ የሚቀበለው በእሷና በመሰሎቿ ድምፅ ነው። የደዋዮቹም ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። የቱ ሆቴል ለበሩ ይቀርባል? ልጄ ቁመቷ አጠር ይላል፣ ባቡሩ ላይ ያወጧታል? ልዕልቷ ቁርስ ላይ ትኖራለች?

ይሄኛው ደዋይ ግን ቶሎ አልተናገረም። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የሞኝ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ።

«እዚህ የሞኝ ጥያቄ የለም፣ ጌታዬ።»

«ፓርኩ ውስጥ ሰው ምንም ሳያደርግ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ ይኖራል?»

ኢቬሊስ ሳቀች። በሥልጠና ያስተማሯት ሳቅ አልነበረም፤ ከሆዷ የወጣ ነበር። አምስት ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ሰውዬው አርለን ትቬት ይባላል። ሚኒሶታ ውስጥ፣ ክረምት ሲገባ ሐይቁ በረዶ ሆኖ በላዩ መኪና በሚነዳበት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የከብት ሐኪም ነው። ባለቤቱ ካሪን ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ትታለታለች፣ ሲግኒ።

«እናቷ ካረፈች ወዲህ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም» አለ። «ጫማ ጠበበኝ እንኳ አትልም። ባለፈው እሑድ ግን መጣችና ‘አባዬ፣ ፓርኩ እንሂድ’ አለችኝ። እምቢ የምልበት አንጀት ከየት ላምጣ? እኔ ደግሞ ከላም ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ጫጫታ አልችልም።»

«መቼ ነው የሚያስቡት?»

«ጥቅምት ውስጥ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትምህርት ቤት ሐሙስና ዓርብ ይዘጋል።»

ኢቬሊስ ለደዋይ እንድታነብ ከተሰጣት ጽሑፍ ላይ ዓይኗን አነሳች። ጽሑፉ የሚለውን ብታነብ በአራት ደቂቃ ይጨርሱ ነበር። እሷ ግን ማንም ያልጻፈላትን መናገር ጀመረች። ጥቅምት ደግ ወር እንደሆነ፣ ሙቀቱ እንደሚሰበር፣ ዝናቡ እንደሚያባራ ነገረችው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሕዝቡ በሙሉ ወደ ቀኝ ስለሚሮጥ እነሱ ወደ ግራ እንዲሄዱ መከረችው። ከሆቴሎቹ ጀርባ ሐይቅ እንዳለ፣ ዳር ላይ አግዳሚ ወንበሮች እንዳሉ፣ ማንም እንደማይቀመጥባቸው አጫወተችው። ስልኩ ሲዘጋ አርባ ደቂቃ ሆኖ ነበር።

በሳምንቱ ደወለና «ያቺ ስለ ሐይቁ የነገረችኝ ሴት ትገኛለች?» አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ማክሰኞ የእሱ ቀን ሆነ። ሲግኒም ገባችበት። ልጅቷ ለጉዞው አንድ ደብተር መድባ፣ አራቱን ቀን በደቂቃ ቆራርጣ ትጽፍ ነበር፤ የጻፈችውንም በስልክ ለኢቬሊስ ታነብላታለች።

«ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ የሚሽከረከሩት ፈረሶች። ሦስት ከሃያ አምስት፣ አባዬ ያርፋል። ሦስት ተኩል፣ የውሃው ባቡር። አራት ሰዓት፣ አባዬ ያርፋል።»

«አባትሽ ሽማግሌ ነው እንዴ?» ትላለች ኢቬሊስ።

«አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ግን ያዝናል፤ ያዘነ ሰው ደግሞ ቶሎ ይደክመዋል።»

ሰኔ ላይ አንድ ቀን በወሬያቸው መሐል አንድ ገበሬ ጮኾ ጠራው። አርለን «ቆይ፣ አትዝጊው!» ብሎ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠ። ኢቬሊስ ፍሎሪዳ ላይ ተቀምጣ የሚኒሶታ ላም ስታምጥ ሰማች፤ እሱም ላሟን «አይዞሽ፣ የኔ እመቤት፣ አይዞሽ» እያለ ሲያባብላት አዳመጠች። ሲመለስ እያለከለከ ነበር።

«ወለደች?» አለችው።

«ወለደች። አለሽ አይደል? ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።»

«የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?»

እርስዎ መባባሉ በዚያች ቀን ቀረ። ሁለቱም ልብ ብለዋል።

ሐምሌ ላይ እንዲህ ሲል ጠየቃት፦ «ከመስኮትሽ ሲያዩ ምን ይታያል?»

ኢቬሊስ የምትኖረው ኪሲሚ ውስጥ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ በሳምንት በሚከራይ ሞቴል ነው፤ ክፍል 114። አውሎ ነፋስ በትውልድ ደሴታቸው በፖርቶ ሪኮ የቤታቸውን ጣሪያ እንደ ወረቀት ገንጥሎ ከወሰደው ወዲህ ከእናቷ ከፕሮቪ ጋር በዚያች አንዲት ክፍል አሉ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የመኪና ማቆሚያና የጎማ መሸጫ ሱቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው የባሕር ዳር ክፍል፣ የአትክልት ዳር ክፍል ስትመርጥ የምትውል ሴት፣ ይህንን ለዚህ ሰው ለመናገር ምላሷ አልታዘዝ አላት። ያለፈውን እሑድ የዋለችው የአክስቷ ልጅ ዋንዳ ቤት፣ ጓሮው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ነበር።

«የብርቱካን ዛፍ» አለች።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ዛፉ ጓሮ አስከተለ፤ ጓሮው ሰገነት፣ ሰገነቱ ሰማያዊ በር። አርለን በረዶ አገር ተቀምጦ ብርቱካን ከዛፍ ሲቀጠፍ ማሰቡ ብቻ ያስደስተው ነበርና ስለ ዛፉ በየሳምንቱ ይጠይቃል።

«ብቻሽን ነሽ እዚያ ቤት?»

«ብቻዬን ነኝ። እናቴ ደሴቷ ላይ ናት። አገሯን ትታ አትመጣም።»

አንዴ ብላዋለችና አለፈ።

ብዙም ሳይቆይ አርለን ሲግኒ የሣለችውን ሥዕል መላክ እፈልጋለሁ ብሎ አድራሻ ጠየቃት። ሠራተኛ ከእንግዳ ጋር በግል መጻጻፍ አይፈቀድለትም፤ ኢቬሊስ ይህንን ታውቃለች። የዋንዳን አድራሻ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ተከተለ። ዋንዳ ፖስታውን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ሞቴሉ በር ላይ ትመጣና «ነይ ውሰጂ፣ የላሙ ሰውዬ ጽፏል!» ትላለች።

አንዱ ደብዳቤ እንዲህ ይል ነበር፦ «ኢቬሊስ፣ እኔ መናገር አልችልበትም። ከብት ጋ ስሄድ ግን ከመንካቴ በፊት ቆሜ አያለሁ፤ የታመመው የቱ እንደሆነ አካሄዱ ይነግረኛል። አንቺን አይቼሽ አላውቅም። ድምፅሽ ሲመጣ ግን የታመምኩት እኔ እንደነበርኩ ገባኝ። ጥቅምትን የምጠብቀው ሲግኒ ከምትጠብቀው በላይ ነው። ይህን ለእሷ እንዳትነግሪያት።»

ይህንን ደብዳቤ ኢቬሊስ አውቶቡስ ውስጥ አነበበችው፤ መውረጃዋንም ሦስት ፌርማታ አለፈች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የእነ አርለንን የክፍል መዝገብ ስትከፍት አንድ አዲስ መስመር አየች። እሷ ባልገባችበት ቀን ሌላ ሠራተኛ ያስገባችው ነው። «ቬርና ሉንድ። አዋቂ። ሴት። በዚያው ክፍል።»

ማክሰኞ ሲደውል ድምፅዋ በቅዝቃዜ ከሚኒሶታ ሐይቅ ባሰ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ? ክፍሉ ለሦስት ሰው ተስተካክሏል። ለእርስዎና ለወይዘሮ ሉንድ ሰፊ አልጋ እንዲሆን ይፈልጋሉ?»

አርለን ሳቀ፤ መተንፈስ እስኪያቅተው ሳቀ።

«ቬርና እኮ የካሪን እናት ናቸው! ሰባ አራት ዓመታቸው ነው! በየት በኩል ሰፊ አልጋ አመጣሽብኝ?»

የኢቬሊስ ፊት እንደ ምድጃ ጋለ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ያ ቁጣዋ ምን እንደነበር እሱም ገባው፤ እንደገባውም እሷ አወቀች።

«ስለ እኔ ምን ብለሃቸዋል?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለሲግኒ ዕቅዱን የምታግዝ የፓርኩ ሠራተኛ አለች ብያቸዋለሁ።» ትንሽ ቆየና «ቬርና ልጃቸውን ነው የቀበሩት፣ ኢቬሊስ» አለ።

ኢቬሊስ ቅሬታዋን ዋጥ አደረገችው።

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ሲግኒ የመጨረሻውን ዕቅድ አነበበች። ሐሙስ አለ፣ ዓርብ አለ። «ቅዳሜ» አለች ልጅቷ፣ «ዘጠኝ ሰዓት፦ የኢቬሊስ ዛፍ። መጨረሻ ሰዓት የለውም። ባዶ ትቼዋለሁ።»

ኢቬሊስ የዚያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ ግን «ብርቱካኑን በእጄ ነው የምቀጥፈው፣ መሰላል እንዳታመጪ» ስትላት አፏን መልሳ ገጠመች።

ዋንዳ ሳታንገራግር ቤቷን ሰጠቻት። «ቅዳሜ ከሰዓት ባሌን ይዤ እጠፋልሻለሁ። ፎቶዎቹን አውርጂያቸው፣ እኛ አንመሳሰልም። ግን ልጄ፣ ስታገቢም ቤቴን የኔ ነው ብለሽ ልትዋሺ ነው?»

*

ቅዳሜ ጠዋት ክፍል 114 ውስጥ ኢቬሊስ ቢጫ ቀሚሷን ትተኩስ ነበር። እናቷ ፕሮቪ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። ፕሮቪ አጭር ሴት ናት፤ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ነገር ሳይነግሯት የምታውቅ። የራሷንም የእሑድ ቀሚስ አውጥታ አልጋው ላይ ዘርግታዋለች።

«ሰዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጡት አይደል? ሩዙን በአተር እኔ ልሥራው። የዋንዳ ምድጃ ያሳርርብሻል።»

ኢቬሊስ ካውያውን አላነሳችም።

«ምነው? ጨርቁ ይቃጠላል!»

«እማዬ፣ አንቺ... ዛሬ እዚህ ብትሆኚ ይሻላል።»

ፕሮቪ ልጇን አየቻት። ቀስ ብላ ቀሚሷን አየች።

«ምን ብለሽዋል ስለ እኔ?»

«ደሴቷ ላይ ናት ብየዋለሁ።»

ውጭ ከባድ መኪና አለፈና መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ፕሮቪ ተነሥታ የእሑድ ቀሚሷን አጣጠፈች፤ እጅጌውን ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት። ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

«በክፍሉ ነው ያፈርሽው ብዬ ነበር እኔ» አለች። «እሱስ እኔም አፍርበታለሁ። እኔ ግን ለካ የለሁም።»

ብትጮህባት በተሻለ ነበር። ኢቬሊስ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጋደም ብላ ነበር፤ በሩም ሲዘጋ ያን ያህል ከባድ ሆኖ አያውቅም።

*

ዘጠኝ ሰዓት ከመሙላቱ በፊት መኪናው የዋንዳ በር ላይ ቆመ። አርለን ሲወርድ ኢቬሊስ ሰገነቱ ላይ ቆማ ነበር። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ግራ የገባው ሰው ነው። ፎቶ ተለዋውጠው ያውቃሉ፤ ግን ፎቶው ዓይኑን አልያዘውም ነበር። ደረጃው ሥር ቆሞ አያት፤ እሷም አየችው።

«ድምፅሽን ልስማ» አለ በመጨረሻ።

«ምን ልበል?»

«አዎ፣ አንቺው ነሽ።»

ሲግኒ ሁለቱንም አልፋ ወደ ጓሮ ሮጠች። ወይዘሮ ቬርና በዝግታ ወረዱ፤ ነጭ ፀጉር፣ ቀጥ ያለ ጀርባ፣ ሲያዩ የማይረግብ ዓይን። በጨርቅ የተጠቀለለ ስስ የድንች ቂጣ ይዘዋል።

«ለቤቱ ነው» አሉና ሰጧት።

ለአንድ ሰዓት ያህል ነገሩ ሁሉ አማረ። ሩዙ አላረረም። አርለን ሦስት ጊዜ ቀዳ። ሲግኒ የፈረሶቹን ስም ዘርዝራ ነገረቻቸው፤ አባቷ የውሃው ባቡር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንደጮኸ አጋለጠችው። ኢቬሊስ ለአርለን ሰሐን ስታሳልፍ እጇ ከእጁ ጋር ተነካካ፤ ሁለቱም ሰሐኑን ለመልቀቅ ዘገዩ። ወይዘሮ ቬርና አዩ። ዓይናቸውን ወደ ዛፉ መለሱ።

ሲግኒ ብርቱካን ስትቀጥፍ ቆይታ ቀሚሷን እንደ ቋት ሞልታ መጣች። ኢቬሊስ አጠገብ ተቀመጠች።

«እናትሽ ግን ደሴቷ ላይ ብቻዋን አትፈራም?»

«አትፈራም። ጎበዝ ናት።»

«እንደውልላት!» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗ በርቶ። «አሁን እንደውልላት፣ ሰላም እንበላት። እኔ ብሆን፣ እናቴ ደሴት ላይ ብትሆን፣ በየቀኑ ነበር የምደውልላት።»

አርለን አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ቬርና የያዙትን ሹካ አስቀመጡ። ሲግኒ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የኢቬሊስን ስልክ አንሥታ በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

ኢቬሊስ ስልኩን ተቀበለች። ጣቷ ከእናቷ ስም በላይ ቆመ። እናቷ አሁን ወደ ግድግዳ ዞራ የተኛች ናት። ቢደወልላት ታነሣለች፤ ደሴት ላይ ነኝ በይ ብትላትም፣ ለልጇ ብላ፣ ትል ይሆናል።

«ሲግኒ» አለች፣ «እናቴ ደሴቷ ላይ የለችም።»

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። «ሞተች?»

«አልሞተችም! አልሞተችም፣ የኔ ማር።» ኢቬሊስ ልጅቷን ክንዷን ያዘቻት። «እናቴ እዚሁ ናት፤ ሃያ ደቂቃ ይሆናል። የለችም ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ቤት የኔ አይደለም። ዛፉም የኔ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ የዋንዳ ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ሞቴል ውስጥ ነው፤ ክፍል 114፣ አረንጓዴው ሰሌዳ ያለበት። አባትሽ ከመስኮትሽ ምን ይታያል ሲለኝ አፈርኩና ዋሸሁ። ከዚያ ውሸቱ ቤት ሠራ። ዛሬ ጠዋት እናቴ ልትመጣ ቀሚሷን አውጥታ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

አርለን ተነሣ። ፊቱ ተዘግቷል።

«አምስት ወር» አለ። «በየሳምንቱ ስለ ዛፉ እጠይቅሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ለልጄ...»

«ለልጅህም ዋሽቻለሁ። አውቃለሁ።»

በዚህ መሐል ወይዘሮ ቬርና ተናገሩ። ድምፃቸው ከፍ አላለም።

«አርለን፣ ይቺ ሴት ምንህ ናት?»

እሱ ወደ እሳቸው ዞረ። አፉ ተከፈተ። ኢቬሊስ ጠበቀች። «ከብት ከመንካቴ በፊት ቆሜ አያለሁ» ያለው ሰው ቆሞ ቀረ፤ እሳቸውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ሣሩን አየ።

ኢቬሊስ ቦርሳዋን አነሣች። እንባዋ ደርሷል፤ ድምፅዋ ግን ጸና።

«እኔ የደበቅኩት እናቴን ነው» አለችው። «አንተ የደበቅከው ደግሞ እኔን ነው። የኔን ተናግሬአለሁ። የአንተን ልናገርልህ አልችልም።»

በዋንዳ በር ወጥታ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ዞር ብላ አላየችም። ደስ የሚል ነፋስ ነበር፤ የጥቅምት፣ ለእሱ ስትሸጥለት የከረመችው ያው ነፋስ። ከሐምሌ ጀምሮ ያልተነፈሰችውን ያህል ተነፈሰች።

*

ክፍል 114 ስትደርስ እናቷ ሻንጣ እያዘጋጀች አገኘቻት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ደሴቷ ላይ ነኝ ተባለ አይደል? ልሂዳ።»

ኢቬሊስ መሬት ላይ ተንበረከከችና ጭንቅላቷን እናቷ ጉልበት ላይ ጣለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ከመስኮቱ ጥያቄ እስከ ልጅቷ «ሞተች?» ድረስ። እዚያ ላይ ስትደርስ የፕሮቪ እጅ ፀጉሯ ላይ አረፈ።

«እንዲያ አለች? ሞተች አለች?»

«አዎ።»

«ወይ ልጄ...» ፕሮቪ ለማን እንዳለችው አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ ፀጉሯን ዳበሰቻት። «እኔ እኮ የተናደድኩት በሌላ አይደለም። ጣሪያው ሲሄድ አንቺን አቅፌ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደርኩ። ያን ለት ምንም አልቀረንም፣ እኔና አንቺ ብቻ ነው የቀረነው። ይህንን እንዴት ትደብቂያለሽ? ያለን እኮ እሱ ነው።»

እናትና ልጅ ተያይዘው አለቀሱ። ሻንጣው ተከፍቶ እዚያው አልጋው ላይ ቀረ፤ የቀረውንም ቀን ሁለቱም አላነሡትም፤ ስለ አርለንም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ኢቬሊስ ግን መኪና በቆመ ቁጥር ጆሮዋ ይቆም ነበር።

*

እሑድ ጠዋት፣ ፕሮቪ ከበሩ ውጭ ካሉት የላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ መኪናው መጣ። ሲግኒ ደብተሯን ይዛ ቀድማ ወረደችና የበሮቹን ቁጥር እያነበበች መጣች። ፕሮቪ ፊት ቆመች።

«አንቺ ነሽ እናቷ?»

የፕሮቪ እንግሊዝኛ ጥቂት ነው። ይህንን ግን ሰማች። «እኔ ነኝ» አለች።

ልጅቷ ሳታስፈቅዳት አቀፈቻት። ፕሮቪ ደነገጠች፤ ከዚያ ሁለት እጇን የልጅቷ ጀርባ ላይ አሳረፈች።

ኢቬሊስ በሩ ላይ ወጣች፤ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ የቤት ልብሷን ለብሳለች። አርለን ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ቬርና ከኋላው ወርደው በሩን ደግፈው ቆሙ። አርለን ወደ ኢቬሊስ መሄዱን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ትናንት ለጠየቁኝ መልስ አልሰጠሁም» አለ። «ሌሊቱን አልተኛሁም። ካሪንን አልረሳኋትም። እስክሞትም አልረሳትም። ይቺን ሴት ግን እወዳታለሁ። የፓርኩ ሠራተኛ ያልኩዎት ስለፈራሁ ነው፤ ካሪንን በሌላ የተካኋት እንዳይመስልዎት ፈርቼ። እሷ በቤቷ አፍራ ዋሸች፤ እኔ በእሷ ዋሸሁ። የኔ ይብሳል።»

ወይዘሮ ቬርና የመኪናውን በር ለቀቁ። አውራ ጎዳናው ላይ መኪናዎች ያልፋሉ።

«ሰባ አራት ዓመት ሙሉ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም» አሉ። «እጄን አጣምሬ እየጸለይኩ ነው የመጣሁት። ፈረስ ሲሽከረከር ለማየት መሰለህ? በየማክሰኞው ጋጣ ውስጥ በስልክ ስትስቅ እሰማህ ነበር። ልጄ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም። የሚያስቅህን ሰው ለማየት ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ወደ ኢቬሊስ ዞሩ። ዓይናቸው ውሃ አቅርሯል፤ አልረገበም።

«ገና አልወደድኩሽም። ጊዜ ያስፈልገኛል። ትናንት ግን ሰው ፊት እውነቱን ስትናገሪ አይቻለሁ፤ እኔ ያን አልችልም ነበር።» ቀጥ ብለው ሄደው ፕሮቪ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ እናቶች ተያዩ። ቋንቋ አልነበራቸውም። ፕሮቪ ገብታ ሩዝ አሙቃ አመጣችላቸው፤ ወይዘሮ ቬርናም በሉ።

አርለን ወደ ኢቬሊስ መጣ። አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

«ተናድደህብኛል?» አለችው።

«ተናድጃለሁ። ሊወጣልኝ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።» ከዚያ በትከሻዋ በላይ ወደ ክፍሉ መስኮት አየ። ዞሮ የጎማ መሸጫውን አየ። «ግን ይሄን ብትነግሪኝስ ኖሮ? በየሳምንቱ ስለ ጎማ እንጠያየቅ ነበር።»

ኢቬሊስ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። እሱም አንድ ክንድ የምታህለውን ቦታ ተሻግሮ ያዛት። ጃኬቱ ሣርና ሳሙና ይሸታል። የልቡን ምት በጉንጯ ሰማችው።

«አውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት ነው» አለ ፀጉሯ ውስጥ። «ከጥር በኋላ ላሞቹ ይወልዳሉ። መቼ እንደምመለስ አላውቅም። ነይ ብልሽም በረዶ ነው።»

«እኔም እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም። ደግሜ አላስቀራትም።»

«እንደማታስቀሪያት አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አንተ ና» አለችው። «ያለ ፓርክ ና። ያለ ትኬት፣ ያለ ዕቅድ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥና መኪና እየቆጠርን እንዋል። ቀሪውን ያኔ እንነጋገራለን።»

«ጫጫታ እንደማልችል ረሳሽው?»

«ትለምደዋለህ።»

«እሺ» አለ አርለን። አንዲት ቃል ናት። ኢቬሊስ ግን በስልክ ከሰማችው ሁሉ የሚበልጥ እምነት ሰማችባት።

ሲሄዱ ሲግኒ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እጇን አውለበለበች፤ ወይዘሮ ቬርናም ለፕሮቪ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። መኪናው ታጥፎ ከአውራ ጎዳናው ጋር ተቀላቀለ።

ኢቬሊስ ስንት ሰው ሸኝታለች! ሁልጊዜም የሚሄደው ሰው ከእሷ ላይ አንድ ነገር ቆርሶ ይሄድ ነበር። የዛሬው መሄድ ግን ምንም አላጎደለባትም። እናቷ ከኋላዋ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ ኢቬሊስም ክንዷን በክንዷ ውስጥ አስገብታ፣ መንገደኛው ሁሉ እያያቸው፣ ፊቷን ሳትመልስ በፀሐዩ ላይ ቆመች።